ነጭ ተራራ የተሰፋበት ቦርሳ

«ካልገዛሽ አትነካኪው አልኩሽ!»

ሻጩ ቦርሳውን ከእጇ መንጭቆ ወደ መስቀያው መለሰው። ልጅቷ እጇን እስከ ክርኗ ቦርሳው ውስጥ ከትታ ስለነበር ሲመነጭቃት ዚፑ ክንዷን ቧጨራት። ልትሰርቅ አልነበረም። የወገብ ቀበቶው ከቦርሳው ጀርባ ጋር እንዴት እንደተያያዘ በጣቷ ልትዳስስ ነበር። ዳስሳ፣ በልቧ ይዛ፣ ቤት ሄዳ በራሷ ቦርሳ ላይ እንደዚያው አድርጋ ልትሰፋ።

«ማየት ክልክል ነው?» አለችው።

«በዓይንሽ እያየሽ ነው። እጅ ምን አመጣው?»

«የምሸከመው በዓይኔ አይደለማ!»

ጓደኛዋ ከኋላዋ በሳቅ ፈረሰች።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይህችን ልጅ በስሟ የሚጠራት የለም፤ መርፌ ነው የሚሏት። አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ከክፍል ስትወጣ አብራት ከምትኖረው አክስቷ ጋር ቦርሳና ሻንጣ ስትጠግን ስለምታመሽ። በሳቅ የፈረሰችው ጓደኛዋ ደግሞ ቄንጤ ናት። ዩኒፎርሟን እንኳ እንደ ሰርግ ልብስ ተኩሳ የምትለብስ ልጅ ናት። ሀብታም ግን እንዳትመስላችሁ፤ እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ፈረቃ እየሸፈኑ ያጠራቀሙትን ብር ዛሬ ጠዋት በመሐረብ ቋጥረው ለልጃቸው ሰጥተዋታል። ቄንጤ ቋጠሮው እንዳይጠፋባት በየደቂቃው ኪሷን ትነካካለች።

ቦርሳው ለቅዳሜ ነው የሚፈለገው። የተራራ ጉዞ ክበቡ ልጆች ሁለት ቀን በእግራቸው ሊጓዙ፣ በመካከሉ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። እዚያ ቤት የለም፣ ሱቅ የለም፣ መኪና አይገባም። የሚበላውም የሚጠጣውም የሚለበሰውም በጀርባ ነው የሚሄደው። የክበቡ ኃላፊ የሆነው የስፖርት አስተማሪ አንድ ነገር ደጋግሞ ተናግሯል፤ ጠንካራ ማንገቻና የወገብ ቀበቶ የሌለው ቦርሳ የያዘ ልጅ ቤቱ ይቀራል። አምና አንዱ ልጅ መንገድ ላይ ማንገቻው ተበጥሶበት ዕቃውን ለአስራ አንድ ሰው አከፋፍለው ነበር የወረዱት። ድስቱ የደረሰው ልጅ እስከ ዛሬ «ድስቴ» እየተባለ ይጠራል።

አርብ ቦርሳ ሁሉ ይፈተሻል። ያን ዕለት ሐሙስ ነበር።

«ይሄኛውን ነው የምወስደው!» ቄንጤ ሰማያዊውን ቦርሳ አውርዳ እንደ ሕፃን አቀፈችው። እሷን ሻጩ አልከለከላትም፤ መሐረቡን አይቷል። «እይው እስኪ መርፌ፣ ብራንድ ነው እኮ! ኧረ ያምራል!»

የፊት ኪሱ ላይ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቷል። ጨርቁ ላይ ነጭ ተራራ አለ። መርፌ ጠጋ ብላ አየችው። ሌላ ሰው ተራራውን ነው የሚያየው፤ እሷ ግን ዓይኗ የሚሄደው ስፌቱ ላይ ነው፤ ልማድ ነዋ።

ስፌቱ ወደ ግራ የተጋደመ ነበር። በታችኛው የግራ ጥግ ላይ ደግሞ እንደ መንታ የተጣበቁ ሁለት ቋጠሮዎች አሉ።

 በግራ እጇ የምትሰፋ፣ ክሩንም ሁልጊዜ በታችኛው የግራ ጥግ ላይ ሁለቴ ቋጥራ የምትጨርስ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ራሷን።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ አንድ ወጣት ባዶ ቦርሳዎችን በጆንያ ሞልቶ ወደ አክስቷ ቤት ያመጣ ነበር። «ምልክት ነው የሚደረግባቸው» ብላት ነበር አክስቷ። «ተሰፍቶ ያለቀ ኪስ የስፌት መኪናው ሥር አይገባም፤ በእጅ ነው የሚሰፋው።» መርፌ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሰፋች። ስትሰፋ ዋለች፣ ስትሰፋ ከረመች። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም። እንዲያውም እነዚያው ሰማያዊ ቦርሳዎች ያለ ምልክት ገበያው ዳር ላስቲክ ላይ ተከምረው ሲሸጡ አይታለች። ዋጋቸውንም ታውቃለች።

አሁን ማንገቻው ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ገልብጣ አየች። ሦስት እጥፍ!

 ሦስት እጥፍ፣ ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ! እሷ አስር ደቂቃ ላልፈጀባት ስፌት የቄንጤ እናት ሁለት ወር የሰው ደምና ላብ ያለበት አንሶላ ሲያጥቡ!

«ቄንጤ፣ ቆይ አንዴ…»

ይሄኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ባለሱቁ ወጣ። መርፌን ሲያያት ፊቱ በፈገግታ ተሞላ። «እንዴ! ይቺ የሰፊዋ ልጅ አይደለችም እንዴ? ጎበዝ፣ ጎበዝ! አክስትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሰኞ ሌላ ሠላሳ እልክላታለሁ።» ድምፁ ማር ነበር። ዓይኑ ግን አፏን እየጠበቀ ነበር።

«የምን ሠላሳ?» አለች ቄንጤ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። እውነቱ ጥርሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሰኞን አሰበች። አክስቷን አሰበች።

«የሚጠገን ነገር ነው» አለች።

ቄንጤ የመሐረቧን ቋጠሮ ፈታች።

የአክስቷ መጠገኛ አንድ ክፍል ቤት ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ እንደ መጠናቸው የተሰለፉ ዘለበቶችና ዚፖች፣ በሩ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል መንጠቆ አለ። አክስትየዋ የጠገነችውን ቦርሳ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ከታበት እዚያ መንጠቆ ላይ ትሰቅለውና ለግማሽ ቀን ትተወዋለች። ስፌቱ ከያዘ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ካልያዘ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ደንበኛው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም፣ «ክፍያውን ልጨምር» ቢልም ሳይሰቀል ከዚያ ቤት የሚወጣ ዕቃ የለም።

ያን ዕለት መንጠቆው ላይ የነበረው የመርፌ ቦርሳ ነበር። የውበቱን ነገር ተዉት። ባለቤቱ አስጠግኖት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመለስ የቀረ፣ ቢጫም ቡኒም ያልሆነ፣ ጎኑ ላይ በሌላ ቀለም ጨርቅ የተለጠፈ ሸራ ነው። ጨርቁ ግን ምላጭ ካልሆነ የሚበሳው የለም። የቀረው የወገብ ቀበቶ ብቻ ነበር፤ እሱንም የጎረቤቱ መካኒክ ከተጋጨ መኪና የወንበር ቀበቶ ቆርጦ ሰጥቷቸዋል።

መርፌ ደብተሯን ሳታስቀምጥ ጀመረች። «አክስቴ፣ ምልክት የሰፋንባቸው ቦርሳዎች የት እንደሚሸጡ ታውቂያለሽ?»

አክስትየዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ሱቅ ነዋ። ሌላ የት ይሸጣሉ?»

«በስንት?»

«ዋጋ የምጽፈው እኔ አይደለሁም።»

«በሦስት እጥፍ! ብራንድ ነው ብለው! ብራንዱ እኔ ነኝ እኮ አክስቴ! እዚህ በርጩማ ላይ እግሬ ደንዝዞ የሰፋሁት!»

«ጨርቅ ላይ ጨርቅ ሰፋን። ሰው አልገደልን።»

«ቄንጤ ገዛችው።»

መኪናዋ ቆመች። አክስትየዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። መነጽሩ ቆሻሻ አልነበረውም።

«ለቅዳሜው?»

«ለቅዳሜው።»

«ስንት ኪሎ ነው የምትሸከሙት?»

መርፌ አክስቷ ለምን ኪሎ እንደጠየቀች ገብቷታል። በርጩማው ላይ ቆመችና ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሰማያዊ ቦርሳ አወረደች፤ ወጣቱ በጆንያ ካመጣቸው ውስጥ ዚፑ ተበላሽቶ የተተወ ነው። የራሷን ቦርሳ ከመንጠቆው አንስታ ሰማያዊውን ሰቀለች። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከተተችበት። ስምንተኛውን ከትታ እጇን አነሳች።

አክስትየዋ «ተይው» አለች በቀስታ። «አይይዝም።»

እንዳለችውም ሆነ። ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ጠርር… የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ማንገቻዎች ከነጨርቃቸው ተገነጠሉና ጠርሙሶቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ማንገቻውም የወገብ ቀበቶውም የተሰፉት ከውጭኛው ስስ ጨርቅ ጋር ብቻ ኖሯል። ጀርባውን ይደግፋል የተባለው ነገር ከተቀደደው ቦታ ብቅ ብሎ ይታያል። ካርቶን ነው። የጫማ ካርቶን።

«ታውቂ ነበር!» አለች መርፌ።

«በዚህ ዕድሜዬ ቦርሳ ዳብሼ ጥራቱን አልለይም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አውቀሽ ዝም አልሽ! አንቺ! የማንንም ቦርሳ ሳትሰቅዪ የማትመልሺው!»

«እነሱን የሰፋኋቸው እኔ አይደለሁም! እኔ ምልክት ነው ያደረግኩት!» አክስትየዋም ድምጿን ከፍ አደረገች። «ለማን ልናገር? እስኪ ንገሪኝ፣ ለማን? ዛሬ ቦርሳ የሚያስጠግን ስንት ሰው ቀረ? ሲቀደድበት ይጥላል፣ ሌላ ይገዛል። የዚያ ሰውዬ ሥራ ባይኖር ይሄ በር እስካሁን ተዘግቶ ነበር። እግርሽ ላይ ያለው ጫማ ከየት የመጣ መሰለሽ?»

መርፌ ጫማዋን አየች። ቡኒ ነው፣ ወፍራም ሶል ያለው፤ ለተራራው ብላ አክስቷ የገዛችላት። ንዴቷ አልበረደም። የት እንደምታሳርፈው ግን ጠፋት። ባለሱቁ ላይ ስታነሳው አክስቷ ላይ ይወርዳል፣ አክስቷ ላይ ስታነሳው ወደ ራሷ ጣቶች ይመለሳል።

«ላውልቀው ታዲያ?» አለች።

«አትመጻደቂብኝ!» አለች አክስትየዋ። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ከተናገርሽ ሰኞ የሚመጣ ሥራ የለም። ያን ብቻ እወቂ።»

ሁለቱም ጠርሙሶቹን ከወለሉ ላይ ለቃቀሙ። ከዚያ መርፌ የራሷን ቦርሳ ጀርባ ተርትራ ከፈተችና መካኒኩ የሰጣቸውን ቀበቶ እስከ ውስጠኛው ሸራ ድረስ አሳልፋ በአራት ረድፍ ሰፋችው። ሱቁ ውስጥ ዳስሳ ልትማር የፈለገችውን የተቀደደው ቦርሳ አስተምሯታል፤ እንዴት እንደማይሰፋ።

በማግስቱ በስፖርት ሜዳው ዳር ቦርሳዎች ተደረደሩ። የመርፌን ቦርሳ ሲያዩ ልጆቹ አልማሯትም።

«ጆንያ ይዛ መጣች!»

«አቦ ይሄ የሲሚንቶ ነው! ግንበኛ ናት እንዴ?»

«አፋችሁን ዝጉ!» አለች ቄንጤ፣ አዲሱን ሰማያዊ ቦርሳዋን እንደታቀፈች። «እሷ የሰፋችው ነገር አይበጠስም፣ እሺ? ፋራ ሁላ!»

እሷ የሰፋችው ነገር አይበጠስም። መርፌ ይህን ስትሰማ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

አስተማሪው መጥፎ ሰው አልነበረም። ተራራ ይወዳል፣ ልጆቹንም ይወዳል። በየቦርሳው የአሸዋ ከረጢት እየከተተ፣ ማንገቻውን ይዞ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ እየነጠቀ ይፈትሻል። የመርፌን ቦርሳ ሦስቴ ነጠቀው። ያዘ። ራሱን ነቀነቀና ሌላ ከረጢት ጨምሮ እንደገና ሦስቴ ነጠቀው። ያዘ።

«የኔን ለምን ሁለቴ ቲቸር?»

«ምን ላድርግ፣ ምልክት የለውም። ማን እንደሠራው አይታወቅም» አለ፣ ሳይቆጣ።

ቄንጤ ዘንድ ሲደርስ ግን ነጩን ተራራ አየና የአሸዋውን ከረጢት መሬት አስቀመጠው። «ይሄማ አይፈተሽም! ጎበዝ፣ ዕቃ ማለት እንዲህ ነው። ከየት ገዛሽው?» ቄንጤ የሱቁን ቦታ ተናገረች። «ቦርሳ ያልያዛችሁ ልጆች እስከ ምሽት ድረስ ጊዜ አላችሁ» አለ አስተማሪው። ድስቴና ሌሎች ሦስት ልጆች የሱቁን አድራሻ በመዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።

እስኪ ፍረዱ! ሀቀኛው ቦርሳ ሁለቴ ተፈትሾ፣ ውሸታሙ ሳይነካ አለፈ። የመርፌ አፍ ተከፈተ። «የሷንም ይጫኑት» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። አንድ ነጠቃ ይበቃው ነበር፤ ካርቶኑ ሰው ሁሉ ፊት ብቅ ይል ነበር።

ቄንጤ ግን ቦርሳዋን አንግታ፣ ቀበቶውን አስራ፣ አንድ ዙር ዞራ ለጓደኛዋ ጥቅሻ ሰጠቻት። በእሷ ዙሪያ ሃያ ልጅ ቆሟል። ሃያውም እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ የምትጠራበት ቅጽል ስም ለማውጣት የተዘጋጀ ነው።

መርፌ አፏን ዘጋች። እዚህ አይሆንም። እንዲህ አይሆንም።

ደወል ሲደወል በቀጥታ ወደ መጠገኛው ሄደች። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣች። ወፍራሙን ናይለን ክርና ሁለት ትላልቅ መርፌዎች ጨመረች። መካኒኩ ከሰጣቸው ቀበቶ የተረፈው ከአክስቷ ወንበር ጀርባ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

«ከዚህ ልቁረጥ?» አለች።

አክስትየዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ለማን ነው?»

«ለቄንጤ።»

አክስትየዋ ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚከተልም ታውቃለች። መቀሱን አነሳች። አንድ ክንድ ያህል ለካች፣ ቆረጠች። ከዚያ ሌላ አንድ ክንድ ለካች።

«በሁለቱም በኩል ነው የሚገነጠለው» አለችና ቁራጮቹን ዘረጋችላት። ስለ ሰኞ ምንም አላለችም። ፊቷን ወደ መኪናዋ መልሳ፣ ክር ሳይኖርበት ፔዳሉን ረገጠች።

ቄንጤ በሩን ስትከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነበር። እናቷ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሰው ውስጠኛው ክፍል ተኝተዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ ነው። ወለሉ ላይ ካልሲው፣ ፋኖሱ፣ ብስኩቱ፣ በላስቲክ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊው ቦርሳ መካከል ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሻል? ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ» አለች ቄንጤ በሹክሹክታ።

«ያ ምልክት ውሸት ነው» አለች መርፌ፣ እሷም በሹክሹክታ። «የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ቄንጤ መሳቅ ጀመረች። የጓደኛዋን ፊት አየችና ተወችው።

«የታችኛውን የግራ ጥግ እይው። ሁለት ቋጠሮ አለ። የኔ ነው።»

ቄንጤ ቦርሳውን ወደ መስኮቱ ወስዳ አየች። ጣቷን ቋጠሮዎቹ ላይ አሳረፈች። እነዚያን ቋጠሮዎች ታውቃቸዋለች፤ የዩኒፎርሟ ቀሚስ ጫፍም ላይ አሉ።

«ሱቅ ውስጥ ስንሆን ታውቂ ነበር?»

«እዚያ ነው ያወቅኩት።»

«ከመክፈሌ በፊት?»

መርፌ እውነቱን ለመዋጥ አንድ አፍታ ብቻ ነበራት። አልዋጠችውም። «ከመክፈልሽ በፊት።»

«የሚጠገን ነገር ነው አልሽኝ!» ሹክሹክታ ሆኖ እንዲህ የሚያቃጥል ንግግር መርፌ ሰምታ አታውቅም። «እማዬ እጇ ተላልጦ… እጇን አይተሽዋል? ተላልጦ! እኔን ዓይኔን እያየሽ የሚጠገን ነገር ነው አልሽ! ዛሬ ደግሞ ሰው ፊት ጠበቃ ስቆምልሽ ዝም አልሽ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

መርፌ ብትፈልግ ስለ አክስቷ፣ ስለ ሰኞ፣ ስለ ጫማዋ መናገር ትችል ነበር። እሷ ግን ምላጩን፣ ክሩን፣ ሁለቱን የቀበቶ ቁራጮች ከካልሲዎቹ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጀርባው ካርቶን ነው» አለች። «ተራራው ላይ ይገነጠላል። አሁን ከተከፈተ ከመምሸቱ በፊት ይደርሳል። ከፈለግሽ ደግሞ እንዳለ ይዘሽው ሂጂና ብርሽን አስመልሺ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ እሱ ፊት ቆሜ እናገራለሁ።»

«የተጠቀምሽበት ነው ይለኛል። አልመልስም ይላል።»

«ይላል።»

ከውስጠኛው ክፍል እናትየዋ በእንቅልፋቸው ተገላበጡ። አልጋው ሲጥ አለ። 

«ድስቴና ሌሎቹ ልጆች ሊገዙ እየሄዱ ነው» አለች ቄንጤ ድንገት።

«ቲቸር ቤቱ ሜዳው አጠገብ ነው። ከዚህ ስወጣ እነግረዋለሁ።»

«ከቆየሽ ይገዛሉ። አሁን ነው መንገር።»

መርፌ ተነሳች። እግሮቿ ከበዷት፤ ጫማው ይሁን ሌላ ነገር አላወቀችም። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ትንሽ ድምፅ ሰማች፤ ክር ሲበጠስ የሚያሰማውን። ዞር አለች። ቄንጤ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በምላጩ ጫፍ ነጩን ተራራ እየተረተረች ነበር፣ ከታችኛው የግራ ጥግ ጀምራ።

«እስክትመለሺ ጀርባውን እከፍተዋለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ትመጪና ትሰፊዋለሽ። ግን አታናግሪኝ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ስትጨርሺ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል።»

«ይሰቀላል» አለች መርፌ፤ እናትየዋ እንዳይነቁ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወደ ሜዳው ሮጠች።